ቀርከሃው መሬት ሲያጣ

አንድ ሰው ነበረ። አንተ «የኔታ፣ ወደ ተሾምኩበት ደብር ሄጄ ወንበር ዘርግቼ ማስተማር ከመጀመሬ በፊት፣ ፍርሃቴ እስኪለቀኝ አንድ ዓመት አብሬዎት ልቀመጥ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን ከዚህ ሰው ታገኘዋለህ፤ አርፈህ ስማኝ።

ሰውዬው የሐይቅ ዳር ሰው ነው። ደንገል አጭዶ ታንኳ ይሠራል፤ በታንኳው እንጨት ጭኖ ማዶ ላለው ከተማ ያደርሳል። ጥሩ ሠሪ ነበር፤ የሱ ታንኳ እንደ ሌላው ቶሎ ውኃ አትጠጣም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሐይቁን በመሃል አቋርጦ አያውቅም። አባቱ መሃል ሐይቅ ላይ እንደወጣ ቀርቶበታል። ስለዚህ ረጅም ቀርከሃ ይዞ፣ ከውኃው በታች ያለውን መሬት እየወጋ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ይሄዳል። ሌላው በሁለት ሰዓት የሚደርስበት መንገድ ለሱ ግማሽ ቀን ነው። «ቀርከሃዬ መሬት እስከነካ ድረስ ሞት አይነካኝም» ይል ነበር። የአገሩ ሰው «እሱ እኮ ሐይቁን በእግሩ ነው የሚሻገረው» እያለ ይስቅበታል። እኔ አልስቅበትም።

አንድ ቀን ሚስቱን ምጥ ያዛት። በሁለተኛው ቀን አዋላጇ ከቤት ወጥታ «ከኔ አቅም በላይ ሆኗል። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ማዶ ሐኪሙ ዘንድ አድርሳት» አለችው። ታንኳዋ ላይ አስተኝቷት ተነሣ። በየት በኩል? በዚያው በለመደው በዳሩ ነዋ! ፍርሃት ሲቆይ ብልሃት ይመስላል።

ደንገሉ ውስጥ እንደገቡ ግልገል የያዘች ጉማሬ ከፊታቸው ብቅ አለች። ጉማሬ የምትውለው ከዳር ነው፣ ከጥልቁ አይደለም። ይህን የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቅ ነበር። አየህልኝ የፍርሃትን ሥራ? አደጋ አለ ሲል እውነቱን ነው፤ ያለበትን ቦታ ግን ያሳስታል። ሰውዬው ከሞት የሸሸ መስሎት ሃያ ዓመት በደጁ ሲመላለስ ኖሯል።

ሚስቱ ቀና አለች። «አዙራት እንጂ!»

«ወዴት?»

«ወደ መሃል! ልጅህ አንተ እስክትደፍር አይጠብቅም።»

አዞራት። ጥቂት እንደሄደ ቀርከሃውን ወጋ፤ መሬት የለም። ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደ፤ አሁንም የለም። ዓይኑን ጨፍኖ መስመጡን ይጠብቅ ጀመር።

ታንኳዋ አልሰመጠችም። ዓይኑን ሲገልጥ ሐይቁ ከሰማዩ ጋር እስኪገናኝ ተዘርግቷል። ነፋስ የለም፤ ከሚስቱ ትንፋሽ በቀር ድምፅ የለም። በዚያ ሁሉ ጥልቅ ላይ ሦስት ነፍስ በአንድ እስር ደንገል ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ገባው። ሃያ ዓመት የተሸከመው ከላይ ያለው አንድ ክንድ ውኃ ነበር፤ መሬቱ አንድም ቀን ተሸክሞት አያውቅም።

«ጌታዬ፣ ይህን ያህል ነህ?» አለና አለቀሰ። ከዚያ ቀርከሃውን አግድም ይዞ ቀዘፈ። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ እየተንቀጠቀጠ ቀዘፈ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ደረሱ። እናትም ልጅም ተረፉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው ፍርሃቱ እስኪለቀው ቢጠብቅ ኖሮ ሁለቱንም እዚያው ደንገሉ ውስጥ ባስቀረ ነበር። አንተም ዐሥራ ሁለት ዓመት እኔን እየነካህ ዳር ዳሩን ሄደሃል፤ የያዝኩህ እኔ መስዬህ። እኔ ምኔ ነው የሚይዝህ? ሁለታችንንም የያዘን ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኔ ስትርቅ አይጎድልም። ያ ደብር መምህር ካጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ተማሪዎቹ እየተበተኑ ነው። ነገ ትሄዳለህ።

ፍርሃቱስ አልክ? እኔ ወንበር ከዘረጋሁ አርባ ዓመቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ጉባኤ ስቀመጥ ጉልበቴን በነጠላዬ የሸፈንኩት ብርድ ነው ብለህ ነበር?