ዝም የሚያሰኘው ድግምት

ኢንጂነር ዘርይሁን ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶቻቸውን ሳሎናቸው ሰብስበው የምናብ ጨዋታ ያጫውታሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ዳይስ ይወረወራል፤ በጨዋታው የሚደገሙ ድግምቶች ሕግ ሲያሻማ ደግሞ ኢንጂነሩ ይተረጉሙታል። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ትርጉሙ አንድም ቀን እሳቸውን ጎድቶ አያውቅም።

ከተጫዋቾቹ አንዷ ምላሰኛ ሴት ነበረች። ዓመት ሙሉ ይዛት ስትጫወት የከረመችው ገጸ ባሕርይ፣ መድኃኒተኛዋ፣ ኢንጂነሩ በሚጫወቱት ንጉሥ ፊት ለፍርድ ቀረበች። ተከራክራ ካልረታች ትሰቀላለች፤ ሴትዮዋም ከጨዋታው ትወጣለች። ገና «ንጉሥ ሆይ» ብላ ስትጀምር ኢንጂነሩ ብድግ አሉና ቤቱ እስኪያስተጋባ ድግምት ደገሙ።

«ሕጉ ‹ይህን ድግምት የሰማ ሁሉ አንደበቱ ይዘጋል› ይላል» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ስለዚህ መድኃኒተኛዋ መከራከር አትችልም። ትሰቀል!»

ሴትዮዋ ደሟ ፈላ፤ ድምጿን ግን አለሰለሰች።

«ንጉሡስ አልሰሙትም? አንደበታቸው ከተዘጋ ‹ትሰቀል› ያለው ማነው?»

«ደጋሚውን አይመለከትም!»

«እንዲህ የሚል የት አለ?»

«ሕጉ ያሻማል፤ ተርጓሚው ደግሞ እኔ ነኝ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። «ደጋሚው የገዛ ድግምቱን እንዳልሰማ ይቆጠራል! በቃ!»

«እሱስ እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለች እጅ እየነሳች። «የሚናገሩትን ሰምተውት ቢያውቁ ኖሮ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ባልተናገሩ ነበር።»

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት የኢንጂነሩ ባለቤት ነበሩ። ከዚያ በኋላ መድኃኒተኛዋን የሚሰቅላት ጠፋ።