ከአምስት ሁለት የደረሳት የሙሽራ እናት

አንድ አያ ጫኔ የሚባሉ የቅርጫ ሥጋ መዳቢ ነበሩ። በዚያ አገር በሬ ታርዶ ሥጋው ለተካፋዮች ሲመደብ ቢላዋ የሚይዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም እየቆረጡ በኮባ ቅጠል ላይ እኩል እኩል መደብ ሲያስቀምጡ ሚዛን የሚባል ነገር አይነኩም፤ ሚዛናቸው እጃቸው ነው። አንዱ መደብ ላይ ዝንብ ካረፈች «ይሄኛው ከበደ» ብለው የዝንቧን ያህል ሥጋ ያነሡለታል ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው «አነሰኝ» ብሏቸው አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲያልፉ ከአራተኛ ክፍል መስኮት የልጆች ጩኸት ሰሙ። «አንድ አምስተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ፣ ሦስት አምስተኛ!» አያ ጫኔ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከአምስት አንድ፣ ከአምስት ሁለት... ይሄማ የሳቸው ሙያ ነው! ሳያማክሯቸው ሙያቸውን ወስደው ለሕፃናት እያደሉት ነው ማለት ነው። ሰተት ብለው ገቡ።

«ልጄ፣ በሬው የታል?» አሏት መምህርቷን።

«በሬ የለም አያ፤ ክፍልፋይ መደመር እየተማርን ነው። ከፈለጉ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ወንበሩ ለአሥር ዓመት ልጅ የተሠራ ስለነበር ጉልበታቸው ከጆሯቸው ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አምስት ሳጥን ሣለች። አንዱን አጠቆረች፣ ቀጥላ ሁለቱን አጠቆረች። «ላይኛውን ቁጥር ከላይኛው ጋር እንደምራለን፤ ታችኛው አምስት እንዳለ ይቀመጣል» አለች። አያ ጫኔ በሙያው እንዳረጀ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደወሉ ሲደወልም ተነሡ።

«አያ፣ ገና እኮ ነው» አለች መምህርቷ። «ነገ ታችኛው ቁጥር የተለያየውን እንማራለን። ዋናው እሱ ነው።»

«እሱን ለነዚህ አስተምሪያቸው። ለኔ የገባኝ ይበቃኛል» ብለው ወጡ።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ላገኙት ሁሉ ስለ ክፍልፋይ አወሩ። ለቄሱ አወሩ፣ ወፍጮ ቤት ለተሰለፈው ሰው አወሩ፣ መንገድ ዘግታ ለቆመች አህያም አወሩ። እስከ መጨረሻው ያዳመጠቻቸው አህያዋ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ዘርትሁን በሬ አሳረደች። ዘርትሁን ባሏ የሞተባት፣ በማግስቱ እሑድ አንዲት ልጇን የምትድር ሴት ናት። በሬው የሦስት ሰው ነበር፤ ግማሹ የሷ፣ ሲሶው የወንድሟ፣ የቀረችው ደግሞ በበጋ ድርቆሽ ያበላው የጎረቤቷ የጓንጉል። ወንድሟ «ሲሶዬን ለሠርጉ ሰጥቻታለሁ» ብሎ ልኳል። ጓንጉል ግን «የኔን በሥጋ እወስዳለሁ» ብሏል። በሬው በሬ እንዳይመስላችሁ፤ ቆሞ ሳለ ጥላው ሰባት መንገደኛ ከነዕቃው ያሳርፍ ነበር። ቢሆንም የሚመጡት አማቾች የወንዝ ማዶ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከበሉበት ቤት ውሻ ጾሙን ያድራል። ሥጋው ከጎደለ ሙሽራይቱ ዕድሜ ልኳን በአማቷ ቤት «እናቷ በጎመን የዳረቻት» እየተባለች መኖሯ ነው።

አያ ጫኔ ቢላዋቸውን ስለው ቀረቡ። ሰውም ከበባቸው። እንደ ወትሮው ዝም ብለው መቁረጥ ሲገባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ በትምህርት ነው የምመድበው። ዘርትሁን፣ ያንቺ ግማሽ ነው፤ ከሁለት አንድ። የወንድምሽ ሲሶ ነው፤ ከሦስት አንድ። ላይኛው ከላይኛው ጋር! አንድና አንድ?»

«ሁለት!» አለ ሰው ሁሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አሉ። መምህርቷ ታችኛው እንዳለ ይቀመጣል ብላለች። እዚያ ግን ሁለቱም አምስት ነበሩ፤ እዚህ አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት ነው። የትኛው ይቀመጥ? አንዱን አስቀምጦ ሌላውን መጣል ማዳላት መሰላቸው። ሠላሳ ዓመት አዳልተው የማያውቁ ሰው ዛሬ በቁጥር ሊያዳሉ ነው? ታችኛውንም ደመሩት።

«ሁለትና ሦስት አምስት። አለቀ። ከአምስት ሁለት!»

ሥጋውን አምስት መደብ አድርገው ሁለቱን ወደ ዘርትሁን ገፋ አደረጉላት። «ውሰጂ፣ ጋብቻው የሰመረ ይሁን።»

ጓንጉል ሦስቱን መደብ ወደ ማዳበሪያ ከረጢቱ ማስገባት ጀምሯል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማገዶ ከመንቀል በቀር ለትምህርት አንድም ውለታ ያልዋለ ሰው፣ «ትምህርት ይከበር ጎበዝ! ልጆቻችሁን አስተምሩ!» እያለ ይጮሃል።

ዘርትሁን ሁለቱን መደብ አየች። ቀና ብላ አያ ጫኔን አየች።

«አያ ጫኔ፣ ወንድሜ ምንም ባይሰጠኝ ኖሮ ስንት ነበር የሚደርሰኝ?»

«ግማሹ ነዋ።»

«እስቲ ግማሹን ያሳዩኝ።»

«ምን ችግር አለው!» ብለው ጓንጉል ከረጢት የገባውንም አስወጥተው ከአምስቱ መደብ ሁለቱን ወዲህ፣ ሁለቱን ወዲያ አደረጉ፤ አምስተኛውን እኩል ለሁለት ቆርጠው ለየጎኑ ጨመሩ። ቢላዋው በእጃቸው እንዳለ ቀረ። በዘርትሁን በኩል ሁለት መደብ ተኩል ተቀምጧል።

«ይኸው፣ ብቻዬን ሁለት ተኩል ነበረኝ» አለች ዘርትሁን። «ወንድሜ ሲጨምርልኝ ሁለት ሆነ። እንኳንም አንድ ወንድም ብቻ ኖረኝ! ሌላ ቢኖርና እሱም ቢሰጠኝ ሠርጉን በውኃ ልደግስ ነበር!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አያ ጫኔ አልሳቁም። ጓንጉል ነገሩ ሲገባው በሱ በኩል ያለውን ሥጋ ወደ ከረጢቱ መልሶ በጉልበቱ መሃል አጥብቆ ያዘና፣ «አያ ጫኔ አይሳሳቱም!» አለ። «ሠላሳ ዓመት ተሳስተው ያውቃሉ? ዛሬ ተሳሳትኩ ካሉ እኮ የእስከ ዛሬውም ይጠረጠራል። ስምዎን ይጠብቁ እንጂ!»

ነገሩ እውነትነት ነበረው። አያ ጫኔ ዙሪያቸውን ሲያዩ ሠላሳ ዓመት ሥጋ የመደቡላቸው ሰዎች ናቸው የቆሙት። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ስንቱ የፋሲካውን፣ ስንቱ የመስቀሉን መደብ ማሰላሰል ይጀምራል። ዝም ቢሉ ደግሞ ስማቸው ይተርፋል፤ የሚጎዳው የሙሽራይቱ ስም ነው። ላብ ከግንባራቸው እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ፤ ጺማቸው ውስጥ ገብቶ ባይሰምጥ ኖሮ ሥጋውን ይዞት ይሄድ ነበር።

«ተሳሳትኩ» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት እጄ መደበ፤ ዛሬ ምላሴ መደበ። ጓንጉል፣ መልስ።»

ሥጋውን ሁሉ መልሰው አንድ ላይ ከመሩት። ግማሽም የሚወጣበት፣ ሲሶም የሚወጣበት መደብ ስንት ነው? ምላሳቸውን ዝም ቢያሰኙት እጃቸው ያውቀው ነበር። ስድስት የኮባ ቅጠል ዘረጉና ስድስት እኩል መደብ አደረጉ። «የስድስት ግማሽ ሦስት፤ ይሄ ያንቺ። የስድስት ሲሶ ሁለት፤ ይሄ የወንድምሽ። አሁን ሁሉም እኩል መደብ ነው፤ አሁን ይደመራል። አምስት። ጓንጉል፣ ከስድስት አምስት ሲነሣ?»

«አንድ» አለ ጓንጉል፣ የትንኝ ድምፅ በምታህል ድምፅ።

አያ ጫኔ የጓንጉልን መደብ አንሥተው መዘኑት። እዚህ ላይ ከዚያ ሰውዬ አንዲት ጎድን ቢቀንሱ የሚፈርድባቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ሁለት ሦስት ሰው ጠቀሳቸው። እሳቸው ግን ትንሽ ቀለል ስላላቸው ከጉበቱ ቆርሰው ጨመሩበትና ሰጡት። እሑድ አማቾቹ በሉ፣ ደገሙ፣ ቀበቷቸውን ፈትተው ሠለሱ፤ የሙሽራይቱም ስም ሳይነካ ወንዙን ተሻገረ።

ሰኞ አያ ጫኔ አራተኛ ክፍል ገብተው ጉልበታቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። መምህርቷ «እስቲ ረቡዕ የተማርነውን እንከልስ፤ ግማሽ ሲደመር ሲሶ?» ብትል ግማሹ ክፍል «ሁለት አምስተኛ!» ብሎ ጮኸ። አያ ጫኔ አልሳቁባቸውም። እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ እኔም እንደ እናንተ ብዬ ሙሽራ ላዋርድ ነበር። መጀመሪያ ስድስት መደብ አድርጉት» አሉ። ያን ቀን ደወሉ ሲደወል አልተነሡም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልዩ ልዩ ቁራጭ ከመደመሩም ከመቀነሱም በፊት እኩል መደብ መሆን አለበት። ይህን የዘለለ ሰው ቢጨምርም ያጎድላል፤ አላዳላሁም እያለ ይበድላል። የልጆችስ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ይታረማል። እኛ ትልልቆቹ ግን የራሳችንን ድካም በግማሽ፣ የሰውን ድካም በሲሶ እየቆረጥን ስንደምር እንውላለን፤ ሲነግሩንም ስማችንን ይዘን ዝም እንላለን። ለመሆኑ እርስዎ ትናንት ከባልንጀራዎ ጋር ማን በለጠ ማን አነሰ ሲሉ፣ መጀመሪያ መደቡን እኩል አድርገውት ነበር?