ግንኙነታችሁስ እንዴት ነው?

ተሳፋሪዎቼ፣ በአንድ ወቅት ባጃጅ ከእግረኛ በሚበዛባት ኮምቦልቻ አስቻለው የሚባል ባጃጅ ነጂ ነበር። ሚስቱ ምንትዋብ ማርገዟን የሰማ ቀን ከተማውን ሙሉ ጥሩንባ እየነፋ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ተራ ሲጠብቅ አንዱ ሹፌር፣ «ከእርጉዝ ሚስቱ ጋር የተኛ የልጁን አናት ይነካል» ሲል ሰማ። ሰማና ለብቻው ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈ። ለምንትዋብ ምክንያቱን አልነገራትም፤ ምን ብሎ ይጀምረው?

እናቱ እማማ ዘርፌ ምራታቸውን ሊያግዙ ከሐይቅ ሲመጡ ደግሞ እፎይ አለ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው ላይ እሳቸውና ምንትዋብ ተኙ።

የምንትዋብ ሆድ በገፋ ቁጥር ፊቷ ጠቆረ። ለክትትል የሄዱ ዕለት አዋላጇ ሲስተር ሐረገወይን፣ «ግንኙነታችሁስ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

አስቻለው ሚስቱን ቀድሞ፣ «ተመስገን ሲስተር፣ ተጣልተን አናውቅም» አለ።

«ጎሽ፣ ቀጥሉበት» ብላ ባለተራዋን ጠራች።

ምንትዋብ ባጃጁ ውስጥ እንባዋ መጣ። «አስጠልቼሃለሁ። እህቴ ጋ መርሳ ሄጄ እወልዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አትጠብቀኝ።»

አስቻለው ቤት አደረሳት። ጓደኛው ቡሽራ መካኒክ ነው፤ ሄዶ ሁሉንም ዘረገፈለት። ቡሽራ የያዘው ቁልፍ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

«አስቼ፣ ግንኙነት ስትልህ ኔትወርክ መሰለህ? የጠየቀችህ እኮ የአልጋውን ነገር ነው!»

«እንዴ?»

«እንዴ ነዋ። ና ግባ፣ ዛሬ ተሳፋሪው አንተ ነህ።» መሪውን ራሱ ያዘ፤ ሻንጣዋን ስታስር የነበረችውን ምንትዋብንም ለምኖ አሳፈራትና ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረዳቸው።

ሲስተር ሐረገወይን ነገሩን ስትሰማ በሩን ዘጋች። «ቃሌን ሸፋፍኜው ነው። አሁን በግልጽ፤ አብራችሁ ትተኛላችሁ?»

አስቻለው ጫማውን አየ። «አናቱን እንዳልነካው ብዬ…»

«አትደርስበትም። ሕፃኑ በውሃ ከረጢት ውስጥ ነው፣ የማህፀኑ በርም ዝግ ነው። ደም ቢኖር፣ ውሃ ቢፈስ፣ ምጥ ያለጊዜው የሚያሰጋት ቢሆን ወይ የእንግዴ ልጁ ቦታ ባያምረኝ እከለክላችሁ ነበር። መርምሬያታለሁ፣ አንዱም የለም። ደም ካያችሁ ግን ቶሎ ኑ። አንቺም ካልተመቸሽ፣ አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው።»

ምንትዋብ ወደ ባሏ ዞረች። «ለዚህ ነው ፍራሽ ያነጠፍከው?» ሳቋ ውጭ እስከሚጠብቀው ቡሽራ ድረስ ተሰማ።

ቤት ሲገቡ ግን እማማ ዘርፌ አልጋው ላይ ናቸው። ለእናት ይህ ወሬ እንዴት ይወራል? ሁለቱም ተፋፍረው ቆሙ። እማማ ዘርፌ የአንዱን ፊት አዩ፣ የሌላዋን አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። በእሳቸው ዘመን ይህ ነገር ክልክል ነበር፤ አሁንም ልባቸው አልተቀበለውም። ምንም ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን ጠቀለሉ።

«የጎረቤታችን ቤት ይሞቃል። ወገቤ ሙቀት ይወዳል» አሉና በሩን ከኋላቸው ገጥመው ወጡ።

በማግስቱ ምንትዋብ ሻንጣዋን እየፈታች፣ «የዚህን ልጅ ስም የሚያወጣው ወደ አንድ አልጋ የመለሰን ሰው ነው» አለች።

ወሯን ጠብቃ ወፍራም ሴት ልጅ ተገላገለች። ጠያቂ ሲሰበሰብ ክርክሩ ተነሣ።

«እኔ ቃሉን ባልፈታላችሁ ይቺ መርሳ ነበረች» አለ ቡሽራ።

«አንተማ የሰጠሃቸው ሳቅ ነው። ፍርሃቱን ያወጣሁለት እኔ» አለች ሲስተር ሐረገወይን።

እማማ ዘርፌ ሕፃኗን እያሻሹ፣ «ምክሩንስ ሰማችሁ፤ እኔ አልጋው ላይ ብቀመጥ ምን ልታደርጉት ኖሯል?» አሉ።

አስቻለው አንዱን ሲያይ ሌላው ያሳዝነዋል። ምንትዋብ ቃሏን አታጥፍም። ሕፃኗም ያለ ስም ጡቷን ትጠባለች።

እንግዲህ ተሳፋሪዎች፣ መውረጃችሁ ሳይደርስ ንገሩኝ፤ ቃሉን የፈታው፣ እውነቱን የተናገረችው፣ ወይስ ሳያምኑበት በሩን የዘጉት? ስሙን ማን ያውጣላት?