ከጉሙ በላይ

ተረት ተረት፤ ጉም ዛፎችን አቅፎ በሚተኛበት ዘመን፣ ሸረሪቶች በየዛፋቸው ተራርቀው አንድ ትልቅ ድር ይሠሩ ነበር። ድሩ በጋው ሳይገባ ካላለቀ ልጆቻቸው የሚጠጡትን ጤዛ የሚይዝላቸው የለም።

ሥራውን የምትመራው ችኩሏ ወፍ፣ ዋኔ ነበረች። በየማለዳው ከጉሙ በላይ እየበረረች "ትናንት ምን ሠራችሁ? ዛሬስ? ያስቸገራችሁ ነገር አለ?" ትላለች።

የሾላዋ ሸረሪት ክሯ ካለቀ ሰንብቷል። ይሉኝታ ይዟት ግን "ደህና ነን እትዬ፣ ይመስገን!" ትላለች።

"ጎበዝ!" ብላ ዋኔ ታልፋለች።

አንድ ማለዳ ከሾላው በኩል መልስ ጠፋ። ዋኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሙን ሰንጥቃ ወረደች። ሸረሪቷ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ተኮራምታለች፤ በእሷ በኩል ያለው ድር ክፍቱን ይወዛወዛል።

"ምነው ሳትነግሪኝ? በየቀኑ እጠይቅሽ አልነበር?"

"ጠይቀውኛል እትዬ። ግን ሁልጊዜ ክንፍዎን እንደዘረጉ ነው። ለመንገደኛ ማን ችግሩን ይዘረግፋል?"

በማግስቱ ዋኔ ሾላው ላይ አረፈች። ክንፏን አጥፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ "እንዴት አደራችሁ?" አለች።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከዋርካው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

"እትዬ፣ የእኔም ክር አልቋል።"

"እኔ ጋ ትርፍ አለ፤ ማን እንደቸገረው መች አወቅሁ!" አለች የግራሯ ሸረሪት።

የእኔም ተረት እዚያው ሾላ ላይ አረፈ።