በቅርጫ የተከፋፈለው አውሮፕላን

አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ አህያ፣ ጅብና ቀበሮ ከጭነት መኪና የወደቀ ካርቶን መንገድ ዳር አገኙ። ቢከፍቱት፣ ከሩቅ ሆነው በመቆጣጠሪያ የሚያበሩት፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ገና አልተገጣጠመም።

«በሉ በቅርጫ እንካፈል!» አለ ጅብ። ከቅርጫ ሌላ መካፈያ አያውቅም።

ዕጣ ጣሉ። ለጅብ ክንፉና ጭራው ደረሰው፤ ትልቁ ድርሻ ነውና በደስታ እያነከሰ ዘለለ። ለቀበሮ መቆጣጠሪያው፣ ለአህያ ሞተሩና ባትሪው ያለበት ገላ ከነካርቶኑ ደረሳት። ሁሉም ድርሻውን ታቅፎ ቤቱ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሞላ። የአህያዋ ውርንጭላ ወንዙ መካከል ካለች ደሴት ላይ ሣር ስትግጥ ውሃው ከበባት።

«እማዬ!» እያለች ትጮሃለች። እናት ገመድ ብትወረውርላት ጎርፉ እየጠለፈ ይመልሰዋል። ደሴቷም እየጠበበች ሄደች።

«አምላኬ፣ አንድ መላ ስጠኝ» አለች አህያ። ያኔ አውሮፕላኑ ትዝ አላት። ቀጭን ሲባጎ ይዞ ቢሻገር፣ ሲባጎው ወፍራሙን ገመድ ይስባል። ገላውን ከነካርቶኑ ከቤቷ አንስታ እየሮጠች ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ ልጄን ውሃ ከበባት። መቆጣጠሪያህን አውሰኝ።»

«እመት አህዪት፣ ቅርጫ ከተካፈሉ በኋላ መልስ ይባላል እንዴ? የበላኸውን ሥጋ ትፋ እንደማለት እኮ ነው!»

«ሥጋማ ቢሆን ሁላችንም በጠገብን። ይኸው ሦስት ቀን ቁልፉን ስትጫነው ምን በረረልህ?»

ቀበሮ አፈረ። እውነትም ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሲጫነው ነው የከረመው። የውርንጭላዋ ጩኸት ከሩቅ ሲሰማው ጆሮው ቆመ።

«ነይ፣ ቶሎ በይ!» ብሎ መቆጣጠሪያውን ይዞ ቀደማት።

ጅብን ክንፉን ሲያኝክ አገኙት።

«አያ ጅቦ፣ ጨረስከው?» አለች አህያ።

«ምኑን ጨርሼ! ሦስት ቀን ሙሉ ባኝከው ባኝከው ጥርሴ ዛለ እንጂ እሱ አልተበገረም። ውሰዱልኝ፤ ጣዕምም የለው!»

ጅብም ክንፉንና ጭራውን ይዞ ተከተላቸው። ወንዙ ዳር አህያ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያየች ክንፉን ሰካች፤ ጭራውን ሰካች፤ ባትሪውን አገናኘች። አለቀ፤ ይኸው ነው። ካርቶኑ የታሰረበትን ረጅም ሲባጎ ጭራው ላይ ቋጠረች፤ ሌላ ጫፉን ከገመዱ ጋር አሰረችና ቀበሮ አስነሳው። ተነሣ፣ ዞረ፣ ከዋርካ ጋር ተላትሞ ጭቃ ላይ ተዘረረ።

«በቃ፣ ተሰበረ!» አለ ቀበሮ።

አህያ አንስታ ጭቃውን ጠረገችለት። ምንም አልሆነም።

«እንደገና» አለች።

በሁለተኛው ሙከራ ሲባጎውን እየጎተተ ተሻግሮ ከውርንጭላዋ እግር ሥር አረፈ። ውርንጭላዋ ሲባጎውን በጥርሷ ስትስብ ገመዱ መጣ፤ ጫፉ ላይ የተቋጠረውን ሰፊ ቀለበት በደረቷ አጠለቀች።

ያን ጎርፍ አሸንፎ የሚጎትት ጉልበት ያለው ግን ጅብ ብቻ ነው። አህያ አየችው።

«አያ ጅቦ… ልጄ ናት» አለች።

ጅብ ገመዱን ነክሶ ጎተተ፣ ጎተተ፣ ጎተተ። ውርንጭላዋ ወጥታ እግሩ ሥር ወደቀች፤ ወፈር፣ ለስለስ ያለች። ለሃጩ ተንጠባጠበ።

ጅብ ፊቱን አዞረ።

«እመት አህዪት፣ እባክሽ ቶሎ ይዘሻት ሂጂ፤ ጾም የጀመርኩት ገና አሁን ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለየብቻችን ታቅፈን ምንም ያልፈየደልን ድርሻ ከባልንጀራችን ድርሻ ጋር ሲገጠም ነፍስ እንደሚያድን ነው።