የአስተያየት ጭቃ

ያ ጫካ እንደ ሌሎቹ ጫካዎች እንዳገኘ የበቀለ አልነበረም። መጀመሪያ ታቀደ፤ ከዚያ በኋላ ነው የበቀለው። ያቆረቆሩት ሽማግሌ ዝሆን ነበሩ። አውሬ ሁሉ በጠመዝማዛ መንገድ ሲንከራተት አይተው አዘኑና፣ ከወንዙ እስከ ገደሉ ድረስ አሥራ ሁለት ቀጥ ያሉ መንገዶች በራሳቸው እግር ደለደሉ። ለየመንገዱም ቁጥር ሰጡት። ከመስመር ወጥቶ የተገኘውን ዛፍ በኩምቢያቸው እየነቀሉ መስመሩ ላይ መልሰው ተከሉት። ከዛፎቹ ግማሾቹ ደረቁ፤ ቢሆንም ተራቸውን ጠብቀው ነው የደረቁት።

መንገዶቹ ሁሉ በሚገናኙበት መሃል ላይ ክብ ሜዳ፣ በሜዳውም ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ተዉ። «ይህ የሁላችሁም ነው» አሉ። የሁሉም ስለሆነ ማንም አልጠረገውም። ውሎ አድሮ ግን ገበያ ቆመበት፤ ዝንጀሮ ፍሬውን፣ ጥንቸል ቅጠሏን፣ ከርከሮ ከየት እንዳመጣው የማይጠየቀውን ዕቃውን እያመጡ ይለዋወጡበት ጀመር። ዝሆኑም ሕግ አወጡለት፦ በሜዳው ላይ ማንም ማንንም አይበላም። ቦታው በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ዝንብ ነበረው። ግን ጥላ ነበረው።

የዚያን ጥላ ነገር ከእመት ጃርት አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። ከዋርካው ሥሮች ሁለቱ እንደ ክንድ ተዘርግተው በተከፈቱበት ስርጉድ ውስጥ ጎደሬዋን ደርድራ ትቀመጣለች። ከእሷ በፊት እናቷ፣ ከእናቷም በፊት አያቷ ተቀምጠውበታል። ጎደሬ ፀሐይ ካገኘው እስከ እኩለ ቀን ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ጎደሬ ደግሞ ከርከሮ እንኳ አይነካውም። ስለዚህ ያ ስርጉድ ለእመት ጃርት መቀመጫ ብቻ አልነበረም። የልጆቿ እራት ነበር።

ዝሆኑ ከመሞታቸው በፊት ሌላም ሥርዓት ትተው ነበር። በጫካው ላይ አዲስ ነገር በታሰበ ቁጥር ዋርካው ሥር እርጥብ ጭቃ ይነጠፋል። ነዋሪው ተራ በተራ እየመጣ አንድ አንድ ዱካ ያሳርፍበታል። ዱካው ወደ ግንዱ ካመለከተ «እስማማለሁ» ማለት ነው፤ ወደ ጫካው ካመለከተ «አልስማማም»። ጭቃው ሲደርቅ ይቆጠራል፤ አንዴ ያረፈ ዱካም አይደመሰስም። በዚያን ቀን ዝሆኑ ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ ይውሉ ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ሁሉም ገላ መታጠብ የሚወዱ ይመስለው ነበር።

ከእሳቸው በኋላ አንበሳ ነገሡ። አንበሳው ሥርዓት አክባሪ ስለነበሩ የጭቃውን ነገር አልሻሩም። እንዲያውም አከበሩት፤ ግንዱን ተደግፎ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመለከቱ ጀመር። ከእሳቸው ጋር ደግሞ አዲስ ደንብ መጣ፦ ለአንበሳ ጀርባ አይሰጥም። የሚሰናበታቸው ሁሉ ፊቱን ወደ እሳቸው እንዳደረገ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣል። ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚፈጠር ያሰበ አልነበረም፤ ያሰበ ቢኖርም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ዘጠኝ ምክክሮች አንድም ተቃውሞ አልተመዘገበም። የጫካው አንድነት በጎረቤት ጫካዎች ሁሉ ይወራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ቀበሮ ከሩቅ አገር ተመለሰ። የሄደው ዶሮ ፍለጋ ነበር፤ የተመለሰው ግን አማካሪ ሆኖ ነው። ከአንበሳው ጋር ሁለት ቀን፣ ከጅብ ጋር ደግሞ አንድ ሳምንት ከመከረ በኋላ ነዋሪው በሜዳው ላይ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች» አለ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «መሃል ሜዳችን አርጅቷል። ዝንብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ግፊያ ነው። ስለዚህ አንበሳው እንደፈቀዱት ዋርካው ይነሣና ሜዳው ተቆፍሮ ዘመናዊ የገበያ ዋሻ ይሠራበታል። ዝናብ አይገባበትም። ፀሐይ አይገባበትም።»

«እኛስ እንገባበታለን?» አለች ጥንቸል ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«መግባትማ ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ሰፊ በር ይኖረዋል። የሚያሠሩትም በሩን የሚጠብቁትም አያ ጅቦ ናቸው።»

ጥንቸል ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። «መውጫውስ?»

«መውጫው በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል።»

«አይዞሽ እህቴ፤ እኔ እያለሁ ማንም መንገድ አይጠፋበትም» አለ ጅብ፣ ከንፈሩን ላስ አድርጎ።

ጉሬዛ ከከፍተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ድጋፉን ገለጸ። «ከጎረቤት ጫካ እንግዳ ሲመጣብን የት እንወስደዋለን? አፍረናል እኮ!» አለ። ጉሬዛ ዕድሜውን ሙሉ ከዛፍ ወርዶ ገበያ ገብቶ አያውቅም፤ ስለ ገበያው ግን ሁልጊዜ ያፍር ነበር።

ቀጥሎ ከርከሮ ተነሣ። «እኔ መታደሱን አልጠላሁም። እውነቱን እንነጋገር፣ ይህ ሜዳ መታየት አለበት። ብቻ ጭቃውን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ሙሉ በሙሉ ይወገዳል።»

«እንግዲያ ታዲያ ምኑ ነው የታደሰው!» ብሎ ተቀመጠ።

እመት ጃርት ለመናገር አልፈለገችም ነበር። ግን ጎደሬዎቿን አየች፤ ከጎደሬዎቹ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አየች። «ጥላውስ?» አለች።

«ዋሻ ውስጥ ያለው ጥላ ብቻ ነው፣ እመት ጃርት» አለ ቀበሮ በትህትና። «ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥላ! ይህን ያህል ጥላ በሕይወትዎ አይተው አያውቁም።»

«በጨለማ ውስጥ ጎደሬዬን ማን ያየዋል?»

«አያ ጅቦ ያያሉ።»

«እሱንስ አልተጠራጠርኩም» አለች። «ማንም ማንንም አይበላም የሚለው ሕግ ዋሻው ውስጥም ይሠራል?»

ቀበሮ ወደ ጅብ አየ፤ ጅብ ወደ ሰማይ አየ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ቀበሮ። «ሕጉ የሚለው ሜዳ ነው። ዋሻ ሜዳ መሆን አለመሆኑ ገና እየተጠና ነው። ለማንኛውም ነገ ጭቃው ይነጠፋል፤ ሁላችሁም ሐሳባችሁን ያለ ምንም ፍርሃት በእግራችሁ ትገልጻላችሁ።»

ሲበተኑ እመት ጃርት ከርከሮን ወደ ጥግ ጠራችው። «አያ ከርከሮ፣ እኔ ነገ አልስማማም ልል ነው።»

«በየትኛው እግርሽ?»

«በእግሬ ነዋ።»

«ጀርባሽን ልትሰጪያቸው? ደግሞ ያንቺ ጀርባ እንደ ሌላው ጀርባ መሰለሽ? መቶ ጦር ተሸክመሽ እኮ ነው የምትዞሪው። ነብሮቹ ዘበኞች አመፀች ብለው ሳይጠይቁ ነው የሚዘነጣጥሉሽ።»

«ሰውነቴን ማን ያዞራል? ፊቴ ወደ እሳቸው ይሆናል። የማዞረው እግሬን ብቻ ነው።» አንድ እግሯን አንሥታ እንዴት እንደምትጠመዝዘው አሳየችው።

ከርከሮ ግራና ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢሳካልሽ የኔንም እግር አንድ ቀን ትጠመዝዢልኛለሽ» አለና ሄደ።

በማግሥቱ ጭቃው ተነጠፈ። አንበሳው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፤ ነብሮቹ በግራና በቀኝ ቆሙ፤ ጸሐፊው ዝንጀሮ መቁጠር ጀመረ። ጉሬዛ ለዚህ ሲል ከዛፍ ወረደ። ጥንቸል ከነመላው ቤተሰቧ መጣች፤ ሁሉም አንበሳውን እያዩ ረገጡ፣ አንበሳውን እያዩም ወደ ኋላ ወጡ። ከርከሮ ሲረግጥ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዱካው ግን እንደ ሌላው ዱካ ነበር። እባብ እግር ስለሌለው እንደ ሁልጊዜው በታዛቢነት ተገኘ።

የእመት ጃርት ተራ ደረሰ። ወደ ጭቃው ገባች። ፊቷን ወደ አንበሳው አድርጋ እጅ ነሣች። ከዚያ የኋላ ቀኝ እግሯን አነሣች፤ በመጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ጫካው አዞረችው። ትንሽ ቀራት። ጥርሷን ነክሳ አንዴ ገፋ ስታደርገው የቆመችባቸው ሦስት እግሮች በአንድ ጊዜ ከዷት። በጀርባዋ ወደቀች፣ ተንከባለለች፣ ለመነሣት ስትፍጨረጨር እንደገና ወደቀች። በመጨረሻ ስትነሣ በጭቃው ላይ የቀረው ሰፊ ጉድጓድና በየአቅጣጫው የተወጋ የእሾህ ቀዳዳ ነበር።

ዝንጀሮው አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ተመለከተው። «ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ሌላው የደገፈው በአንድ እግሩ ነው» አለ ቀበሮ ጊዜ ሳያጠፋ። «እመት ጃርት ግን በሙሉ ሰውነታቸው ደግፈዋል። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ይህን ጊዜ አንበሳው ሳቁ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ድንጋዩ እስኪነቃነቅ ተንከተከቱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይህንማ ለባለቤቴ ሳልነግራት አላድርም!» ብለው ከመቀመጫቸው ወረዱና፣ እየሳቁ፣ በፊታቸው ያለውን ሳያዩ ጭቃውን አቋርጠው ቀጥታ ወደ ጫካው ሄዱ።

ከሳቸው ጋር ሲስቅ የነበረው ሕዝብም ወደ ጭቃው አየ። በጭቃው መሃል፣ ከሌላው ዱካ ሁሉ የሚበልጡ አራት ዱካዎች ወደ ጫካው አመልክተው ነበር።

ዝንጀሮው ቆጠረና አነበበ። «የሚስማሙ ሁለት መቶ ስድስት። የማይስማሙ... አራት።»

«ደምስሰው!» አለ ጅብ።

«እርስዎ ይደምስሱት፣ አያ ጅቦ። የአንበሳ ዱካ የረገጠ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ አይደል?»

ጅብ ያውቅ ኖሮ ተቀመጠ።

ቀበሮ ሦስት ቀን ሲያስብ ከርሞ አንበሳው ዘንድ ገባ። ንግግሩን በሚችለው ሁሉ ካለሰለሰ በኋላ፣ የእግራቸው ቃል ከአፋቸው ቃል ጋር በመጠኑ እንደተለያየ አመለከተ።

«አፌ አይሳሳትም» አሉ አንበሳው። «እግሬም አይሳሳትም። ሁለቱን ማስታረቅ ያንተ ሥራ ነው፤ የማበላህ ለምንድን ነው?»

ቀበሮ አስታረቀ። እግር እንዳለው ዋሻው ቀረ፤ ዋርካውም አልተነካም። እመት ጃርት ይህን በሰማች ዕለት ልጆቿን ሰብስባ ሳቀች፤ ከርከሮም ጭቃ ውስጥ ተንከባለለ። አፍ እንዳለው ደግሞ ገበያው ከሜዳው ተነሣ፤ ምክንያቱም የአንበሳ ዱካ ያረፈበት ቦታ የሚከበር እንጂ ጎደሬ የሚደረደርበት አይደለም። ዋርካው፣ ሜዳውና ዱካው በአንድነት በእሾህ አጥር ታጠሩ። አጥሩን ያሠራው ጅብ ሆነ፤ አንድ በር አበጀለትና በሩ ላይ ተቀመጠ። ማየት የሚፈልግ ግባ ይባላል። እስካሁን የፈለገ አልተገኘም።

እመት ጃርት ከአጥሩ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ፀሐይ በሚመታው አፈር ላይ ጎደሬዋን ደረደረች። እስከ እኩለ ቀን ጎደሬው ጠወለገ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘነብል የዋርካው ጥላ አጥሩን ዘልሎ እሷ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ጎደሬዋን በስምንት ሰዓት እያወጣች ጥላውን ተቀምጣ ትጠብቀው ጀመር። ጥንቸልም መጣች፤ ከርከሮም መጣ፤ በአጥሩ ሥር ትንሽ የከሰዓት ገበያ ቆመ።

ጅብ አይቶ ለቀበሮ ነገረ። ቀበሮ ጉዳዩን መረመረ። ጥላው የዋርካው ነው፤ ዋርካው በአጥሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጥላው ያለ ፈቃድ ከአጥሩ ወጥቷል። አጥሩ ሊከተለው ይገባል።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝንጀሮው ሐረግና ችካል ይዞ መጣ። «ተነሡ፣ ልለካ ነው» አለና የጥላው ጫፍ ላይ ችካል መታ። ሐረጉን ዘርግቶ እስኪመለስ ጥላው ችካሉን አልፎ ሄዶ ነበር። ነቅሎ እንደገና መታ። ጥላው አሁንም አለፈው።

«ጸሐፊው፣ እሰረው እንጂ!» አለ ከርከሮ፤ ገበያው በሳቅ አውካካ። ዝንጀሮው ላቡን እየጠረገ ሦስተኛውን ችካል መታ፤ አራተኛውን ተሸክሞ ሮጠ።

እመት ጃርት ጎደሬዋን አንድ በአንድ ወደ ጥላው ስትስብ ቆየችና ቀና አለች። «ጸሐፊው፣ ፀሐይ ስትጠልቅስ?» አለችው።

ዝንጀሮው ችካሉን እንዳነሣ ቆመ። ጥላው ከእሱ አልፎ ሰባተኛውን መንገድ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ፣ መንገዱን ሳይስት፣ ወደ ጥንቸሎቹ ጉድጓድ ይሄድ ነበር። ከጥንቸሎቹ ቀጥሎ የጃርቶቹ ጉድጓድ አለ።

የሚስቅ አልነበረም። ጥንቸል ወደ ቤቷ አየች፤ ከዚያ ወደ ችካሉ አየች። ከወዲያ በኩል፣ በሩ ላይ፣ ጅብ ተነሥቶ እየተንጠራራ ነበር።