ለፋሲካ እሄዳለሁ ያለው በሬ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ እናንተም «የላም በረት» በሉኝ።

ዳልቻና ቦራ የአንዲት ላም ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን በጨው ተጣሉና ዳልቻ የቦራን ታፋ በቀንዱ ወጋው። ከዚያ ወዲህ ቦራ እያነከሰ ወንዝ ማዶ ለብቻው ይግጥ ጀመር። ዳልቻ ግን ጸሎተኛ ሆነ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ሠርክ ሣር ሳይቀምስ ይውል፣ ለመባ የሚሆን ስንዴም ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር።

አንድ እሑድ በደጀ ሰላሙ ላይ የምትኖረው ርግብ፣ «ዳልቻ፣ መባህን እዚህ አስቀምጥና መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ» አለችው።

«አሁን ጾም ላይ ነኝ፤ ለፋሲካ እሄዳለሁ። ቦራ እንደሆነ ሆደ ሰፊ ነው፣ ይጠብቀኛል» አላት።

የፋሲካ ዕለት ወንዙን ተሻገረ። ያገኘው ግን አጥንትና አንድ ጥንብ አንሳ ነበር።

«ወንድሜን ማን በላው?» ብሎ ጮኸ።

«ጅቦች ናቸው፤ ከትናንት ወዲያ ከበቡት። መሮጥ አልቻለም» አለ ጥንብ አንሳው። «ዳልቻ የምትባለው አንተ ነህ? እስኪወድቅ ድረስ ስምህን ይጠራ ነበር።»

ዳልቻ ተንበርክኮ የወንድሙን ግንባር ላሰ። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ደጋግሞ ቢለምነውም የሚመልስለት አልነበረም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ለዚህኛው ግን ዳቦ አልጠይቅም።